ካርጊል፦ ኑክሌር የታጠቁ ሁለት አገሮች ሲዋጉ

እስቲ ራሳችሁን በአንድ የአየር ኃይል አዛዥ ቦታ አስቀምጡ። ጠላት አገራችሁ ገብቶ ተራራ አናት ላይ መሽጓል። ስንቁና ጥይቱ የሚመጣለት ከተራራው ጀርባ፣ ከመስመሩ ማዶ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አውሮፕላን አላችሁ፤ ቦምብ አላችሁ፤ አብራሪዎቻችሁ ለዚህ የሠለጠኑ ናቸው። መንግሥታችሁ ግን ይጠራችሁና፦ «ደብድቡ፤ ነገር ግን አንድም አውሮፕላን መስመሩን እንዳያልፍ» ይላችኋል። የስንቁን መንገድ ከምንጩ መቁረጥ የለም። ከኋላ ዞሮ መክበብ የለም። ፊት ለፊት፣ ሽቅብ፣ በራሳችሁ መሬት ላይ ብቻ!

የሕንድ ጦር በ1999 የተቀበለው ትእዛዝ ይኸው ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ)። ቦታው ካሽሚር ውስጥ ካርጊል የሚባል አካባቢ ነው፤ ባላጋራዋ ፓኪስታን። ሕንድ በሕዝብም፣ በሠራዊትም፣ በገንዘብም ትበልጣታለች። ታዲያ እጇን ምን አሰረው?

ነገሩን ይበልጥ እንቆቅልሽ የሚያደርገው፣ ይህችው ሕንድ ከዚያ በፊት እንዲህ አለመዋጋቷ ነው። በ1965 ፓኪስታን ካሽሚር ላይ ስትገፋት፣ ሕንድ መልሱን ካሽሚር ውስጥ ብቻ አልወሰነችውም። ሴፕቴምበር 6 ቀን ፑንጃብ ላይ ዓለም አቀፉን ድንበር ተሻግራ በቀጥታ ወደ ፓኪስታኗ ከተማ ወደ ላሆር ገሰገሰች። እዚህ ከነካችሁኝ እኔ የሚያማችሁ ቦታ ላይ እነካችኋለሁ ማለቷ ነበር። ከ34 ዓመት በኋላ ያንኑ ጎረቤት፣ በዚያው በካሽሚር ጉዳይ፣ በተመሳሳይ ጥቃት ገጠመችው። ላሆርም እዚያው ነች፣ መንገዱም አልጠፋም። ግን አልሄደችበትም።

መልሱ ያለው ካርጊል ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በሜይ 1998 ሕንድ ራጃስታን በረሃ ውስጥ፣ ፖክራን በሚባል ቦታ፣ ከመሬት በታች የኑክሌር ቦምቦች ፈተሸች። ወሩ ሳያልቅ፣ ሜይ 28 እና 30፣ ፓኪስታንም ባሎቺስታን ውስጥ የራሷን አፈነዳች። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ወር ውስጥ፣ በዓለም ፊት፣ «አለኝ» «እኔም አለኝ» ተባባሉ።

አሁን ጣሪያቸው የተነካካ ሁለት የሣር ክዳን ቤቶችን አስቡ። የሚኖሩባቸው ሰዎች ለሃምሳ ዓመት በወሰን የተጣሉ ናቸው። ድሮ ሲጣሉ ዱላ ይማዘዛሉ፣ አጥር ያፈርሳሉ፣ ጉልበተኛው የሌላውን ደጅ ሰብሮ ይገባል። አሁን ግን ሁለቱም እጅ ውስጥ ፍም አለ። አንዱ ፍሙን ቢወረውር የሚነደው የማን ቤት ነው? የሁለቱም! ጸቡ ግን አልቆመም፤ ወሰኑ እንዳልተፈታ ነው፣ ቂሙም አልበረደም። ስለዚህ ይጣላሉ፤ ሲጣሉ ግን ዓይናቸው ከጣሪያው አይነሳም።

እስከዚህ ድረስ «እንግዲህ ቦምቡ ሰላም አመጣ» ትሉ ይሆናል። ቆዩ! የመጀመሪያው አስደናቂ ነገር የሚመጣው አሁን ነው። ደካማው ጎረቤት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰላል፦ «ይህ ጉልበተኛ ከእንግዲህ ደጄን ሰብሮ አይገባም፤ ፍሙን ይፈራል። እንግዲያው በሌሊት ወሰኑን ጥቂት ክንድ ብገፋስ? በጥቂት ክንድ መሬት ቤቱን ለማቃጠል አይደፍር!» ትልቁን ጦርነት የሚከለክለው ያው ፍርሃት ትንሹን ጦርነት ይጋብዛል ማለት ነው። ግሌን ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ይህን ሐሳብ በ1965 ጽፎት ነበር፤ ከላይ መረጋጋት ሲጸና ከታች መናወጥ ይበዛል የሚል ነው። ካርጊል ሐሳቡ ተራራ ላይ ወጥቶ የታየበት ነው።

እስቲ ቦታውን ላሳያችሁ፣ ያለ እሱ ነገሩ አይጨበጥም። ካሽሚር ከ1947 ጀምሮ የሁለቱ አገሮች መጣያ ነው። በ1949 የተኩስ አቁም መስመር ተሰመረ። ከ1971 ጦርነት በኋላ፣ በ1972 ሲምላ ላይ በተደረገ ስምምነት ተስተካክሎ የቁጥጥር መስመር ተባለ። ርዝመቱ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአብዛኛው ከተራራ ወደ ተራራ እየዘለለ ይሄዳል። ሁለቱም አገሮች የመጨረሻ ድንበር ነው ብለው አልተቀበሉትም። ሁለቱም ግን የት እንዳለ በደንብ ያውቃሉ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የካርጊልና የድራስ ተራሮች 4,000 እና 5,000 ሜትር ከፍታ ያላቸው፣ ከዚያም የሚበልጡ ናቸው። ክረምቱ ሥጋ ያደርቃል። ስለዚህ ሁለቱም ጦሮች በበረዶው ወራት ከአንዳንድ ምሽጎቻቸው ወርደው በጸደይ መመለስን ለምደው ነበር። በ1998 እና 1999 መካከል ባለው ክረምት ግን የፓኪስታን ጦር አልጠበቀም። የተራራ ኑሮ የሚያውቁ፣ ኖርዘርን ላይት ኢንፋንትሪ የሚባለው ክፍል ወታደሮች በበረዶው መስመሩን ተሻግረው፣ ሕንዶች ትተዋቸው የወረዱትን ከፍታዎች ያዙ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ግንባር ላይ! የሚገርመው ደግሞ ሰሞኑ ነው። በፌብሩዋሪ 1999 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ በአውቶቡስ ድንበር ተሻግረው ላሆር ገብተው ከፓኪስታኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ከናዋዝ ሸሪፍ ጋር የሰላም ሰነድ ይፈርሙ ነበር። ሸሪፍ ስለ ተራራው ምን ያህል ያውቁ እንደነበር እሳቸውና የጦር አዛዡ ጄኔራል ፐርቬዝ ሙሻራፍ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተካሰውበታል።

ከነዚያ ከፍታዎች ቁልቁል ሲታይ አንድ መንገድ አለ፤ ከስሪናጋር ወደ ሌህ የሚሄደው። የሕንድ ጦር በሰሜን ላዳክ ላለው ሠራዊቱ፣ በሲያችን የበረዶ ግግር ላይ ላሉት ጭምር፣ ስንቅ የሚያደርስበት ዋና መስመር ነው። ተራራው ላይ ያለው ሰው መኪኖቹን እያየ መድፈኞቹን ያስተካክላል። መንገዱን ማነቅ ሲያችን ላይ ያለውን ማስራብ ነው። የፓኪስታን አዛዦች ስሌት እንግዲህ ይህ ነበር፦ ሕንድ በጸደይ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ታገኘዋለች፤ ታላላቆቹ አገሮች ኑክሌር ባላቸው አገሮች መካከል ተኩስ ሲሰሙ ይደነግጡና «እባካችሁ አቁሙ» ይላሉ፤ የያዝነው በእጃችን ይቀራል።

ለዚህ ስሌት ደግሞ አንድ ልብስ ተሰፋለት። ተራራው ላይ ያሉት ወታደሮች አይደሉም፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚታገሉ ሙጃሂዲኖች ናቸው ተባለ። ይህ ውሸት ለጊዜው ተራ ማምለጫ ይመስላል። ታሪኩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግን ማንም ያልጠበቀው ሥራ ይሠራል።

ሜይ መጀመሪያ ላይ የአካባቢው እረኞች ከተራራው ላይ ባዕድ ሰዎችን አዩ። ሁኔታውን እንዲያጣሩ የተላኩ የሕንድ ቃኚዎች አልተመለሱም። ሕንድ የነገሩን ስፋት ለመረዳት ሳምንታት ፈጀባት፤ ከተረዳች በኋላ ግን ተቆጣች። ሜይ 26 አየር ኃይሏ ገባ፤ መጀመሪያ ላይ ከነገርኳችሁ እገዳ ጋር።

እገዳው በደም ነው የተከፈለበት። በማግስቱ፣ ሜይ 27፣ ሁለት አውሮፕላኖች ጠፉ፤ አንዱ አብራሪ ሞተ፣ አንዱ ተማረከ። ሜይ 28 ሄሊኮፕተር ተመታና ውስጡ ያሉት አለቁ። አውሮፕላን በስስ አየር ውስጥ እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ ቦምብም ሜዳ ላይ እንደለመደው አይወድቅም። ዒላማው ያለው ደግሞ ከመስመሩ አጠገብ ነው። አብራሪው ዒላማውን፣ ተራራውን፣ ከትከሻ የሚተኮሱ ሚሳይሎችን፣ በዚያ ላይ በመሬት ላይ የማይታየውን ያን መስመር በአንድ ጊዜ መጠንቀቅ አለበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚራዥ 2000 አውሮፕላኖች በሌዘር የሚመራ ቦምብ ይዘው ከከፍታ መምታት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተሻሻለው። የታችኛውን ሥራ የቦፎርስ መድፎችና እግረኛው ሠሩት። ሰው በሌሊት፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት አየር፣ ገደል ለገደል እየቧጠጠ ወደ መትረየስ አፍ ይወጣል። ቶሎሊንግ የሚባለው ከፍታ በጁን አጋማሽ ተያዘ፤ ታይገር ሂል ደግሞ በጁላይ 4።

የቫጅፓዪ መንግሥት ለምን ይህን ያህል ወጣት ከፊት ለፊት አወጣ? ከጀርባ ያለውን ካምፕ መምታት ብዙ ሕይወት ያተርፍ አልነበረም? ይህን ጥያቄ ይዤ ቶማስ ሼሊንግ ዘንድ ስደርስ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የበራልኝ። ሼሊንግ በ2005 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በ1960ዎቹ ስለ ኑክሌር ዘመን ጦርነት ብዙ የጻፈ ሰው ነው። የሚለው እንዲህ ነው፦ ሁለት ጠላቶች ተቀምጠው «እዚህ ድረስ እንዋጋ፣ ከዚህ አንለፍ» ብለው መዋዋል አይችሉም። አይተማመኑም፤ ምናልባት ንግግር እንኳ የላቸውም። ታዲያ ገደቡን እንዴት ይስማሙበታል? ለሁለቱም ዓይን ጎልቶ የሚታይ ነገር ላይ በመቆም! ወንዝ፣ ድንበር፣ «አውሮፕላን አዎ፣ ኑክሌር የለም» የሚል ልዩነት። ገደቡ ፍትሐዊ መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ። ማንም ሳይነግራቸው ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ማየታቸው ነው።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አምጧት። የቁጥጥሩን መስመር ሁለቱም አልተቀበሉትም፤ ሁለቱም ግን የት እንዳለ ያውቃሉ። ሕንድ መስመሩ ላይ ስትቆም ለእስላማባድ የምትናገረው አለ፦ «ጥያቄዬ እነዚህ ተራሮች ብቻ ናቸው። አገራችሁን አልፈልግም፤ ስለዚህ ፍሙን የምታነሱበት ምክንያት የለም።» አሥር ኪሎ ሜትር ብታልፍስ? እዚያ ማዶ የሚቀጥለው ጎልቶ የሚታይ ማቆሚያ የቱ ነው? አሥር ለምን ሃያ አይሆንም? ለምን ላሆር አይሆንም? ፓኪስታን ይህን ማወቅ አትችልም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ የከፋውን ይገምታል። አያችሁት? መስመሩ የፓኪስታን መከላከያ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ወደ ታች እንዳይንሸራተቱ የተያያዙት ገመድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ጦርነቶች ሁሉ በሌላ ዓይን መታየት ይጀምራሉ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበትን የኮሪያ ጦርነት ውሰዱ። የአሜሪካ አብራሪዎች «ያሉ» የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው ቻይናን እንዳይመቱ በይፋ ተከልክለው ነበር። የሶቪየት አብራሪዎች ደግሞ የሌላ አገር ምልክት በተቀባ አውሮፕላን እየበረሩ ከአሜሪካኖቹ ጋር ይዋጉ ነበር። አሜሪካኖቹ ያውቃሉ! ግን ዝም አሉ፤ ካወሩት ሕዝባቸው «ከሶቪየት ጋር ተዋጉ» ሊላቸው ነው። ሞስኮ ካደች፣ ዋሽንግተን ዝም አለች፤ ጦርነቱም ከኮሪያ ሳይወጣ ቀረ።

ወደ ካርጊል ስንመለስ የሙጃሂዲኑ ውሸትም እንዲሁ ሁለት ወገን አስሮ እናገኘዋለን። ፓኪስታን «የእኔ ወታደሮች አይደሉም» ስላለች የአየር ኃይሏን ልካ ልትታደጋቸው አልቻለችም። ኤፍ 16 አውሮፕላኖቿ በራሷ ሰማይ ላይ ሲያንዣብቡ፣ ተራራው ላይ ያሉት ልጆቿ ከላይ ይደበደቡ ነበር። የሞቱትንም ሬሳ «የእኛ ነው» ብሎ መቀበል ከበዳት፤ ከነሱ ጥቂቶቹን የቀበሩት የሕንድ ወታደሮች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ታይገር ሂል ላይ ለወደቀው ለካፒቴን ካርናል ሼር ካን የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ሰጠችው። የጀግንነቱ ምስክር ሆነው የጻፉለት የተዋጉት ሕንዶች ነበሩ። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ሕንድ ግን እጇን ብቻ ሰብስባ አልተቀመጠችም። መርከቦቿን ወደ ሰሜን ዓረብ ባሕር አስጠጋች፤ የፓኪስታን ነዳጅ የሚገባው በካራቺ በኩል ነው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። መልእክቱ «መስመሩን ያላለፍኩት ስለማልችል አይደለም» የሚል ነው። ገደብ የሚከበረው፣ ገዳቢው ሊያልፈው እንደሚችል ሲታወቅ ነው። አለበለዚያ ፍርሃት ይመስላል፤ ፍርሃት ደግሞ ተጨማሪ ግፊት ይጋብዛል።

ፓኪስታንም በበኩሏ ፍሙን ብልጭ አደረገችው። ሜይ መጨረሻ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሯ ዋና ጸሐፊ ሻምሻድ አሕመድ፣ አገራቸው ራሷን ለመከላከል ካላት መሣሪያ ማንኛውንም ከመጠቀም እንደማትመለስ ተናገሩ። ኑክሌር የሚለው ቃል አልተነሳም። መነሳትም አላስፈለገውም።

በጁላይ 4፣ ታይገር ሂል በተያዘበት በዚያው ቀን፣ ናዋዝ ሸሪፍ ዋሽንግተን ውስጥ ብሌር ሃውስ በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጋር ተቀመጡ። አብሮ የነበረው የክሊንተን ረዳት ብሩስ ሪዴል በ2002 በጻፈው መሠረት፣ አሜሪካኖቹ የፓኪስታን ጦር የኑክሌር መሣሪያ ለማሰማራት እየተዘጋጀ ነው የሚል መረጃ ነበራቸው። ክሊንተን ሸሪፍን ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሙሻራፍ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ክደውታል፤ በዚያን ጊዜ መሣሪያው ገና ለሥራ አልደረሰም ነበር ይላሉ። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን ማን እውነት ተናገረ የሚለው አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሊሆን ይችላል ብለው ማመናቸው ብቻውን ንግግሩን ለወጠው! መሣሪያው ሳይነካ፣ ምናልባትም ዝግጁ ሳይሆን፣ ሥራውን ሠራ።

ለፓኪስታን ግን ሥራውን የሠራው በተቃራኒው ነው። ስሌቷ «ዓለም ደንግጦ ሁለታችንንም ያስቆመናል» የሚል ነበር። ዓለም በእርግጥ ደነገጠ፤ ጣቱን የቀሰረው ግን መስመሩን ባለፈው ላይ ነው። ክሊንተን «ወደ መስመራችሁ ተመለሱ» አሉ። የቅርብ ወዳጇ ቻይናም አልተሸከመቻትም። ሕንድ በደም የከፈለችበት ያ እገዳ ዋጋውን መለሰ፤ መስመሩን ባለማለፏ አጥፊው ማን እንደሆነ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

እንግዲህ ሸሪፍ እንዴት ይመለሱ? በአገራቸው ፊት «ተሸነፍን» ብለው? እዚህ ላይ ነው ያ ውሸት የተከፈተ በር ሆኖ የተገኘው። ተራራው ላይ ያሉት ሙጃሂዲኖች ናቸው ተብሎ የለ? እንግዲያው የፓኪስታን መንግሥት ሙጃሂዲኖቹን «እባካችሁ ውረዱ» ብሎ ይለምናቸዋል፤ እነሱም «እሺ» ብለው ይወርዳሉ። ጦሩ አልሸሸም፤ መጀመሪያም አልነበረማ! ለመግባት የተሰፋው ልብስ ለመውጫ አገለገለ። በአንድ ጊዜ መግቢያም፣ እስራትም፣ መውጫም የሆነ ውሸት ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም።

ጁላይ 26 ሕንድ ጦርነቱ ማብቃቱን አወጀች። 527 ወታደሮቿ ሞተዋል። የፓኪስታን ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በኦክቶበር ሙሻራፍ ሸሪፍን ከሥልጣን አወረዱ። መስመሩ ግን ከክረምቱ በፊት በነበረበት ቦታ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ልብ የሚያሳርፍ አይደለም። ገደብ ጎልቶ በመታየቱ የሚጸና ከሆነ፣ አንዴ ከታለፈና ምንም ካልመጣ፣ ጎልቶ መታየቱን ያጣል። በ2019 በሕንድ ካሽሚር ፑልዋማ ላይ 40 የፖሊስ ኃይል አባላት በጥቃት ሲገደሉ፣ የሕንድ አውሮፕላኖች መስመሩን ብቻ ሳይሆን ፓኪስታን የምታስተዳድረውን ካሽሚርን ጭምር አልፈው ባላኮት ላይ ቦምብ ጣሉ። ከ1971 ወዲህ ያልተደረገ ነገር ነው። ቃል አመራረጣቸው ግን አሁንም ጥንቃቄ ነበረበት፤ ዒላማው የጦር ሠራዊት እንዳልሆነ ለይተው ተናገሩ። ፓኪስታንም በማግስቱ መልስ ስትሰጥ ሆን ብላ ባዶ ሜዳ መምታቷን አስታወቀች፤ የማረከችውንም አብራሪ በሁለት ቀን ውስጥ መለሰች። በ2025 ደግሞ ፓሃልጋም ላይ 26 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ነገሩ የበለጠ ወጣ። ሜይ 7 ሕንድ የፓኪስታን ዋና ምድር የሆነውን ፑንጃብን መታች፤ ድሮንና ሚሳይል ተወራወሩ፤ የአየር ጣቢያዎች ተመቱ። በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 10፣ የፓኪስታን የዘመቻ ኃላፊ ለሕንዱ አቻው ስልክ ደወለና ተኩሱ ቆመ። በ1999 የማይታሰበው በ2025 የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሆነ!

ሌላም አለ፤ የሼሊንግን ሁለተኛ ትልቅ ሐሳብ የሚያሳይ። ጤነኛ መሪ እያወቀ ፍሙን አይወረውርም። ታዲያ ማስፈራራቱ እንዴት ይሠራል? በአጋጣሚ በኩል ነው ይላል ሼሊንግ። ጸቡ በበረታ ቁጥር ማንም ያልፈለገው ነገር የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሁለቱም የሚፈሩት የሌላውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን ማንም ያልወሰነውን ነገር ነው። ማስረጃው በማርች 9፣ 2022 መጣ። ብራሞስ የሚባል፣ ከድምፅ የሚፈጥን የሕንድ ሚሳይል በስሕተት ተወንጭፎ ፓኪስታን ውስጥ 124 ኪሎ ሜትር ገብቶ ሚያን ቻኑ በምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ። ሰው አልሞተም። ሕንድ ስሕተት መሆኑን ያመነችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሦስት የአየር ኃይል መኮንኖችም ተባረሩ። ፓኪስታን አልተኮሰችም። ወሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጸብ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሰዎቹ ለማሰብ ጊዜ ያገኙት። ያው ሚሳይል፣ በዚያው መንገድ፣ በሜይ 8፣ 2025 ቢያመልጥስ? ማን «ስሕተት ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል?

የመጨረሻውን ደግሞ ስሙልኝ፣ ከሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው። በዲሴምበር 31፣ 1988 የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች ራጂቭ ጋንዲና ቤናዚር ቡቶ እስላማባድ ላይ ባሉበት አንድ ስምምነት ተፈረመ፦ አንዳችን የሌላውን የኑክሌር ተቋማት አንመታም። ላለመምታት ግን የት እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን፣ በዴልሂና በእስላማባድ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ዲፕሎማቶቻቸው የተቋማቱን ዝርዝር በወረቀት ይለዋወጣሉ። በዲሴምበር 2001 የሕንድ ፓርላማ በታጣቂዎች ከተጠቃ በኋላ ሁለቱ አገሮች እጅግ ብዙ ሠራዊት ወደ ድንበር አጓጉዘው አፍ ለአፍ ገጥመው ነበር፤ ባቡሩና አውቶቡሱ ሊቋረጥ፣ የአየር መንገዱም ሊዘጋ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጃንዋሪ 1፣ 2002 ደረሰ። ዝርዝሩን ተለዋወጡ።